«በታራሉቺና በወይን ጠጅ አለቀ»፦ የአንድ የጣልያን አባባል ትርጉምና አመጣጥ

ጣልያኖች ብዙ ያጯጯኸ ጠብ ወይም ክርክር ማንም ሳይቀጣና ሳይካስ በዕርቅ ሲቋጭ «በታራሉቺና በወይን ጠጅ አለቀ» ይላሉ። አባባሉ የተወለደው በገጠር ማዕድ ዙሪያ ቢሆንም፣ ዛሬ በብዛት የሚነገረው ስለ ፖለቲካ ነው፤ በዚያም ትርጉሙ ከምስጋና ይልቅ ወደ ምሬት ያደላል።

ታራሉቺ በደቡብ ጣልያን፣ በተለይም በፑሊያ፣ በባዚሊካታና በካምፓኒያ የተለመደ፣ እንደ ቀለበት የሚጠቀለል ትንሽ ደረቅ ብስኩት ነው። በፑሊያ ዱቄቱ በወይራ ዘይት፣ በነጭ ወይን ጠጅና በጨው ይለወሳል፤ ብዙዎች የእንስላል ዘር ጣል ያደርጉበታል። ሊጡ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ጫፍና ጫፉ ከተገጠመ በኋላ በፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ወጥቶ ይንጠፈጠፋል፣ ከዚያም በምድጃ ይጋገራል። የናፖሊ ሰዎች ግን የአሳማ ጮማ፣ ቁንዶ በርበሬና አልሞንድ ያለበትን ይመርጣሉ። ጣፋጭ የሆነውም ዓይነት አለ፤ እሱን ወይን ጠጅ ውስጥ ነክሮ መብላት የቆየ ልማድ ነው።

ለአባባሉ መነሻ የሆነው የምግቡ ጣዕም ሳይሆን ከቤት የማይታጣ መሆኑ ይመስለኛል። ታራሉቺ በደንብ ስለሚደርቅ ለሳምንታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ወይን ጠጁም በደቡብ ገበሬ ቤት ከዳቦና ከዘይት ጋር የሚቆጠር የዕለት ቀለብ እንጂ የድግስ ቅንጦት አልነበረም። ስለዚህ እንግዳ ድንገት ቢመጣ፣ ድሃ የሆነችው ባለቤት እንኳ ሳታፍር የምታቀርበው ነገር ነበራት። በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞች ሲታረቁ፣ ወይም የከብት ሻጭና ገዢ በደላላ አማካይነት እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ዋጋ ሲቆርጡ፣ ጉዳዩ መዘጋቱ የሚታወቀው አብረው ሲቀምሱ ነበር። አንድ ማዕድ ላይ ከቆረሱ በኋላ ያንኑ ክርክር እንደገና ማንሳት ነውር ነው።

ይህ ልማድ በመንደር የሠራው፣ ተጣዪዎቹም ታራቂዎቹም እነዚያው ሰዎች ስለነበሩ ነው፤ የተበደለውም ሰው ብርጭቆውን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። አባባሉ ወደ ሮም ቤተ መንግሥትና ምክር ቤት ሲዛወር የጠፋው ይኸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ሲዘላለፉ የሰነበቱ ፓርቲዎች በመጨረሻ ሥልጣን ተከፋፍለው ዝም ሲሉ፣ ወይም አንድ የሙስና ምርመራ ተጠያቂ ሳይገኝለት ሲዳፈን፣ ከማዕዱ የጎደለው ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ጋዜጦች «እንደተለመደው በታራሉቺና በወይን ጠጅ ያልቃል» ብለው ሲጽፉ የሚነቅፉት ዕርቁን ሳይሆን፣ የተበደለው ባለጉዳይ በሌለበት የተደረገ መሆኑን ነው። እርግጥ፣ ምስኪኑ ብስኩት በዚህ ሁሉ ምንም ጥፋት የለበትም።

በአሉታ ሲነገር ደግሞ አባባሉ ወደ ማስጠንቀቂያ ይለወጣል። ከባድ በደል የደረሰበት ሰው «ይህ ነገር በታራሉቺና በወይን ጠጅ አያልቅም» ካለ፣ ሽምግልናውን ትቶ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው ማለት ነው።