የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ሙያዊ ክህሎቶች፤ ከወሎ ሲታዩ

አገሮች ከሕብረተሰብ ጤና ምሩቅ የሚጠብቋቸው ክህሎቶች በወረቀት ላይ ተቀራራቢ ናቸው። በአሜሪካ የዘርፉን ትምህርት ቤቶች የሚመዝነው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መስፈርት ለማስተርስ ተማሪ 22 መሠረታዊ ክህሎቶችን ዘርዝሯል፤ መረጃ መተንተን፣ ፕሮግራም ማቀድና መገምገም፣ አመራርና ተግባቦት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ዝርዝር 36 ክህሎቶችን በሰባት ምድብ አስቀምጣ ነበር። ሰፊው ልዩነት ያለው ክህሎቱ በሚቀሰምበት ቦታና በሚመዘንበት መንገድ ላይ ነው። በእንግሊዝ የዘርፉ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሰው ዓመታትን የሚያሳልፈው ሥራ ላይ ሆኖ ነው፤ ፈተናም ይቀመጣል፣ የሠራውም በአሠልጣኙ ዓይን ይታያል።

የኢትዮጵያ መንገድ ከእነዚህ ይለያል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጤና መኮንኑ መረጃ ተንታኝ ብቻ አይደለም፤ በሽተኛ ያክማል፣ ያዋልዳል፣ ጤና ጣቢያም ያስተዳድራል። የሰሜን አሜሪካ የሕብረተሰብ ጤና ምሩቅ በዚህ ዲግሪው ብቻ ሕክምና አይሰጥም። ሐኪም በራቀበት ገጠር የእኛው ቅይጥ ሥልጠና ትልቅ ብልህነት ነበር፤ ዛሬም ነው።

በወሎ የዘርፉ ትምህርት ደሴ በሚገኘው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ይሰጣል። ከደሴ ደጋ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ከሚሴ ሲወረድ አየሩም፣ በሽታውም፣ ቋንቋውም ይለወጣል። ቆላው የወባ አገር ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ ከሚሴ አካባቢ ቤት ለቤት የሚዞር ተማሪ ኦሮምኛ ካልቻለ ወይም የሚያስተረጉምለት ካላገኘ፣ የሚሰበስበው መልስ እምብዛም አያስተማምንም። ይህ ጉድለት በኋላ በስታቲስቲክስ አይታከምም።

ከቋንቋ ሌላ ወደ ሕብረተሰቡ የሚያስገባው ትልቅ በር ቅሬ ነው። ቅሬ ለቀብርና ለሐዘን የተቋቋመ የመረዳጃ ማኅበር ቢሆንም፣ የሰፈሩ ጉዳይ የሚመከርበትም ቦታ ነው። ስለ አጎበር ለማስተማር የመጣ ባለሙያ አስቀድሞ ከቅሬው ዳኛ ጋር ይነጋገራል፣ ሰዉ በሚሰበሰብበት ቀን ይገኛል፣ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። «ሙቀቱ አያስተኛንም፤ ውጭ እያደርን አጎበሩን የት እንስቀለው?» ቢባል፣ ተገቢው መልስ የወባን አስከፊነት መድገም ሳይሆን ደጅ ላይ በምን እንደሚሰቀል አብሮ መሞከር ነው። የውጭዎቹ ዝርዝሮች «ማኅበረሰብን ማሳተፍ» የሚሉት ክህሎት እዚህ ሲደርስ ይህን ይመስላል።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ዕውቀትን በምርጫ ጥያቄ ይለካል። የበሽታ ስርጭት ስሌት እንዲህ ሊፈተን ይችላል፤ በቅሬ ፊት ቆሞ መመካከር ግን አይፈተንም። ለዚህኛው ክህሎት ነጥብ መስጠት ያለበት ተማሪውን በመስክ የሚከታተለው አሠልጣኝ ነው፤ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስተያየትም ከነጥቡ ጋር ቢቆጠር ተገቢ ነው፤ የትኛው ቤት በር ለማን እንደሚከፈት የምታውቀው እሷ ናትና።