የደህንነት ተጠሪ ሲመደብ የወርክሾፕ ኃላፊው ድርሻ ያበቃል?

በደብረ ብርሃን በቤተ ሙከራና በወርክሾፕ በምንሠራ ባልደረቦች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የደህንነት ተጠሪ ከተመደበ በኋላ የጥንቃቄው ኃላፊነት የእርሱ ነው ወይስ ሥራውን የሚመራው ሰው? የዕለት ተዕለቱ ኃላፊነት ሥራውን ካዘዘውና ከሚመራው ሰው ትከሻ አይወርድም። ተጠሪው ይመረምራል፣ ይመክራል፣ ጉድለቱንም ለበላይ አካል ያሳውቃል እንጂ በኃላፊው ቦታ አይተካም።

ለምሳሌ ተማሪዎች ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሊበይዱ ነው እንበል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም በመሆኗ፣ ጠዋት ላይ በርና መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። ከብየዳው የሚወጣው የዚንክ ጭስ በዝግ ክፍል ውስጥ ሲተነፈስ፣ ከሰዓታት በኋላ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያስከትላል፤ ብዙ ጊዜም ጉንፋን ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። በዚያች ሰዓት መስኮቱን የሚያስከፍተው፣ ጭስ መሳቢያው መሥራቱን የሚያረጋግጠው፣ ካልሠራም ብየዳውን የሚያስቆመው በቦታው ያለው መምህር ወይም ቴክኒሻን ነው። ተጠሪው ደግሞ መሳቢያው በየጊዜው መፈተሹን ይከታተላል፤ የተበላሸው ሳይጠገን ከቆየም ጉዳዩን ወደ በላይ ይወስዳል።

ከተቋም ተቋም የሚለያየው ተጠሪው ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ፣ ፍተሻው በምን ያህል ጊዜ እንደሚካሄድና ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። በተለይ የመጨረሻው ነጥብ በምደባ ደብዳቤው ላይ በግልጽ ካልሰፈረ፣ ተመዳቢው ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲጻፍለት ቢጠይቅ መልካም ነው።