ሃርድዌር ዲኮዲንግ ምንድን ነው?

ፊልሙ ተከፈተ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ምስሉ ግን ቆም ይላል፣ ዘሎ ይቀጥላል፣ ደግሞ ይቆማል። ተዋናይዋ ተናግራ ከጨረሰች በኋላ ነው ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው። የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል። «በቃ ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ይባልና ወይ ራም ይጨመርለታል፣ ወይ ፎርማት ይደረጋል። ችግሩ ግን ንቅንቅ አይልም።

የሚገርመው ደግሞ ይሄው ኮምፒውተር ሌላ ፊልም፣ ያውም በዚያው ጥራት፣ እንደ ልብ ያጫውታል። ስለዚህ ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሃርድዌር ዲኮዲንግ የሚባለውን ነገር ማወቅ ይጠቅማችኋል።

ከቁጥሩ እንጀምር። 1080 የሚባለው ቪዲዮ በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ፒክስል አለው። ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህ ለአንድ ፍሬም፣ ማለትም ለአንድ ቋሚ ምስል ብቻ ነው። ቪዲዮ ደግሞ በሰከንድ 24፣ 25፣ 30፣ አንዳንዴም 60 ፍሬም ያሳያል። እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ይዞ፣ ምንም ሳይታመቅ ቢቀመጥ፣ በ30 ፍሬም የአንድ ሰከንድ ቪዲዮ 187 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። የሁለት ሰዓት ፊልም ከ1 ቴራባይት ያልፋል ማለት ነው። እኛ ግን ያንን ፊልም በ2 ጊጋባይት ፋይል፣ በፍላሽ ይዘን እንዞራለን።

ይህ የሆነው በኮዴክ ነው። ኮዴክ ቪዲዮ የሚታመቅበት ዘዴ ነው። ዜና የምታነብ ጋዜጠኛ አስቡ። ከኋላዋ ያለው ግድግዳ አይንቀሳቀስም። ታዲያ ግድግዳውን በየፍሬሙ ደጋግሞ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? ኮዴኩ አንዱን ፍሬም ሙሉውን ያስቀምጥና፣ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ እጇ ወደ ግራ ሄደ፣ ዓይኗ ተከደነ። ፋይሉ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

ታዲያ ፊልሙን ስትከፍቱ ያ ሁሉ የታመቀ ነገር ተመልሶ መፈታት አለበት። ይህ መፍታት ዲኮዲንግ ይባላል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም ላለው ቪዲዮ፣ ለአንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 33 ሚሊሰከንድ ነው። በ60 ፍሬም ከ17 ሚሊሰከንድ ያንሳል። ኮምፒውተሩ ካልደረሰ ፍሬሙን ዘሎት ያልፋል። ያ የሚያናድደው መቆራረጥ ይሄ ነው።

ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ዋናው ፕሮሰሰር ነው። ፕሮሰሰር ምንም ዓይነት ሥራ ቢሰጡት ይሠራል፤ ለዚህ ሥራ ተብሎ ግን አልተፈጠረም። ሌላው በግራፊክስ ቺፑ ውስጥ፣ ለቪዲዮ መፍታት ብቻ የተሠራ ትንሽ ክፍል ነው። ሃርድዌር ዲኮዲንግ የሚባለው ሥራው ለዚህ ክፍል ሲሰጥ ነው። ልዩነቱ በሙቀጫ በመውቀጥና ወፍጮ ቤት በመላክ መካከል እንዳለው ነው። ሁለቱም ዱቄት ያወጣሉ፤ ድካሙና ጊዜው ግን አይገናኝም። የቪዲዮ ክፍሉ ሲሠራ ፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ያርፋል፣ ፋኑ ጸጥ ይላል፣ ባትሪውም ይቆያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ያ ክፍል የሚያውቀው፣ ሲሠራ የተሰጠውን ኮዴክ ብቻ ነው። አዲስ ኮዴክ ሲመጣ በአፕዴት አይማርም። ሥራው በሲሊከኑ ላይ ተቀርጿልና።

ኮዴኮቹ ደግሞ በየጊዜው ይወጣሉ። ኤች.264 በ2003 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ለብዙ ዓመታት የዓለም ቪዲዮ በሱ ነበር የሚታመቀው፣ ዛሬም በጣም ብዙ ነው። በ2013 ኤች.265 መጣ፤ ኤችኢቪሲ የሚሉትም እሱን ነው። በዚያው ዓመት ጎግል ቪፒ9ን አወጣ። በ2018 ኤቪ1 ተከተለ። አዲሱ ከቀድሞው ይልቅ ፋይሉን ያሳንሳል፤ ለመፍታት ግን የበለጠ ስሌት ይፈልጋል። ዳታ ውድ በሆነበት አገር ትንሽ ፋይል ይመረጣል፤ ልክ ነው። ስሙ ላይ ኤክስ265 የተጻፈበት፣ ማለትም በኤች.265 የታመቀ ፊልም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ለዚህ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሚንገዳገደውም ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን እንውሰድ፤ በየቤቱ ያሉት አሮጌ ላፕቶፖች አብዛኞቹ በነሱ የሚሠሩ ናቸው። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ኤች.264ን ያለ ችግር ይፈታል። ሦስተኛውና አራተኛውም እንደዚያው። ኤች.265ን በሃርድዌር በሙሉ መፍታት የጀመረው በ2015 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ ነው፤ እሱም ባለ 8 ቢቱን (ቢቱ የቀለሙ ዝርዝር የሚለካበት ነው) ነው። ባለ 10 ቢቱን ኤች.265 እና ቪፒ9ን በሙሉ የያዘው ሰባተኛው ነው። ኤቪ1 የተጨመረው በ2020 በወጣው በአስራ አንደኛው ነው።

የእናንተን ለማወቅ ላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ሞዴል እዩ። አይ5-3320 ካለ የመጀመሪያው አሃዝ 3 ነው፤ ሦስተኛ ትውልድ ነው። አይ5-7200 ከሆነ ሰባተኛ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ይህችን ቁጥር ሳታዩ ሂሳብ አትክፈሉ። ሻጩ ስለ ራሙና ስለ ሃርድ ዲስኩ ብዙ ያወራል። በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ እኔ ሰባተኛውን ነው የምመክረው። ቪዲዮ ለሚያይ ቤተሰብ ልዩነቱ ብዙ ዓመት ያስኬዳል።

ፊልሙ በየትኛው ኮዴክ እንደታመቀ ማየትም ቀላል ነው። ቪኤልሲ ላይ ፊልሙን ክፈቱና ኮንትሮልን ይዛችሁ ጄን ተጫኑ። በሚመጣው መስኮት ላይ ኮዴኩ ተጽፎ ታገኛላችሁ። «ስታቲስቲክስ» የሚለውን ብትነኩ ደግሞ የጠፉ ፍሬሞች ቁጥር አለ። ዜሮ ላይ ከቆመ ሁሉም ደህና ነው። እያያችሁት የሚጨምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አልቻለም ማለት ነው።

ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን ራይት ክሊክ አድርጉና «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ጥቁር ሣጥን ውስጥ ኤቪሲ1 ካለ ኤች.264 ነው፤ ቪፒ09 እና ኤቪ01 የሚሉት አዲሶቹ ናቸው። የወደቁ ፍሬሞች ቁጥርም እዚያው ይታያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። መሃል ላይ ክብ ነገር እየዞረ ከቆመ ጣጣው የኔትዎርክ ነው፤ ኮምፒውተሩን አትውቀሱት። ክብ ሳይመጣ፣ ቪዲዮው በበቂ ተጭኖ እያለ ምስሉ ከተቆራረጠ ግን ጣጣው ዲኮዲንግ ነው። ሰው እነዚህን ሁለቱን እያምታታ ነው ኢንተርኔት የሚያሳድገው።

መፍትሔውስ? ዩቲዩብ ብዙ ቪዲዮዎቹን በኤች.264ም አስቀምጧቸዋል፤ ብሮውዘሩ አዲሶቹን እችላለሁ ካለው ግን እነሱን ይልክለታል። ለፋየርፎክስ «ኤንሃንስድ ኤች264ፋይ» የሚባል ኤክስቴንሽን አለ። እሱ ቪፒ9 እና ኤቪ1ን ይዘጋና ዩቲዩብ ኤች.264 እንዲልክ ያደርጋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ጥራቱ በአብዛኛው ከ1080 አያልፍም፤ ለዚህ ዘመን ላፕቶፕ እሱም ይበዛል። ዳታ ግን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይበላል፤ በሞባይል ዳታ የምታዩ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ይበዛል ያልኩት በምክንያት ነው። የዚያን ዘመን ላፕቶፖች ብዙዎቹ ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው። ይህ ከ1080 ፒክስሎች ግማሹ ገደማ ነው። 1080 ብታጫውቱበት ኮምፒውተሩ ሁሉንም ፈትቶ፣ መልሶ አሳንሶ ነው የሚያሳያችሁ። 720 ምረጡ፤ በዚያ ስክሪን ላይ ልዩነቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። 720 ሆኖ 60 የተጻፈበት ግን ሌላ ነው። ፍሬሙ እጥፍ ስለሆነ ከተራው 1080 ብዙም አይቀልም።

አሁን ወደ ፎርማት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ቺፑ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ሳይጫን ሊቀር ይችላል። ስክሪኑ ይሠራል፣ ኢንተርኔትም ይከፈታል፤ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ቪዲዮ የሚፈታው ክፍል ግን ያለ ድራይቨር የለም እንደማለት ነው። «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ገብታችሁ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኛችሁ ችግራችሁ ተገኘ። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርዳችሁ ጫኑ። ያለ አንድ ብር ወጪ የሚድን ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ፎርማት የሚያደርግላችሁን ልጅም ድራይቨሩን ሳይጭን እንዳይመልስላችሁ ንገሩት።

ድራይቨሩ ካለ ደግሞ ፕሮግራሞቹ እንዲጠቀሙበት መፈቀዱን እዩ። ክሮም ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም» የሚለው ጋ የግራፊክስ ማፍጠኛ ማብሪያ አለ፤ መብራት አለበት። ቪኤልሲም ሴቲንጉ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለው።

ኤስኤስዲስ? ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ማከማቻ፣ አሮጌ ኮምፒውተርን ነፍስ ይዘራበታል፤ ለመነሳትና ፕሮግራም ለመክፈት። የቪዲዮ መቆራረጥ ላይ ግን አይረዳም። የ2 ጊጋባይት የሁለት ሰዓት ፊልም በሰከንድ የሚፈልገው 0.3 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ አሮጌ ሃርድ ዲስክ እንኳ በሰከንድ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜጋባይቶችን ያነባል። ራምም ያው ነው። 2 ጊጋባይት ይዛችሁ ብሮውዘር የምትከፍቱ ከሆነ ጨምሩ፤ 8 ካላችሁ ግን 16 ማድረግ የማያውቀውን ኮዴክ አያስተምረውም። የፋኑን አቧራ ማስጠረግ ይሻላል። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ያዘገያል፤ በሶፍትዌር፣ ማለትም በራሱ በፕሮሰሰሩ፣ እየተፈታ ያለ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ያ መዘግየት ወዲያው ይታወቃል።

ዴስክቶፕ ካላችሁ ሌላ በር አለ። ጂቲ 1030 የመሰለ ትንሽ ግራፊክስ ካርድ ኤች.265ን እና ቪፒ9ን ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ኃይልም አይፈልግም። ላፕቶፕ ላይ ይህ በአብዛኛው አይቻልም።

በኤች.265 የመጣ፣ የምትወዱት ፊልም አልሄድ ካላችሁ «ሃንድብሬክ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ሞክሩ። ፊልሙን ወደ ኤች.264 ይቀይርላችኋል። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰዓታት ይወስዳልና ማታ አስነስታችሁት ተኙ፤ ላፕቶፑ ግን ቻርጀሩ ላይ ይሁን፣ እንቅልፍ ሁኔታ ውስጥ እንዳይገባም ሴቲንጉን አስተካክሉ። ፋይሉ ከበፊቱ ሊተልቅ ይችላል፤ ባዶ ቦታ አስቀድማችሁ እዩ። ስክሪናችሁ ትንሽ ከሆነ እዚያው 720 አድርጉት፤ ፋይሉም ይቀንሳል፣ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።