የተዳከሙ መኪና አምራቾች በቀውስ ጊዜ ይዋሃዱ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዓለም ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር “እገሌና እገሌ ሊዋሃዱ ነው” የሚለው ወሬ ይበዛል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ኑሯቸው በአይሱዙ፣ በዩዲና በሱዙኪ ለቆመ ባለ መኪናዎች፣ መካኒኮችና መለዋወጫ ነጋዴዎች ነገሩ የሩቅ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፤ ሁለት ደካሞች ሲቀላቀሉ አንድ ብርቱ ይወጣል”

ገበያ ሲቀዘቅዝ አምራችን የሚገድለው የጥሬ ገንዘብ ማለቅ ነው። የመኪና ፋብሪካ ወጪ አብዛኛው ቋሚ ስለሆነ ከአቅሙ ሦስት አራተኛ ገደማ በታች ካመረተ ብዙ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ይገባል። ግማሽ ባዶ የሆኑ ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ስም ስለተጠሩ አይሞሉም። አንዱን ለመዝጋት ደግሞ ለሠራተኛ ካሳ፣ ለአቅራቢዎችና ለወኪሎች የውል ማፍረሻ መክፈል ግድ ነው፤ የሌለውም ያ ገንዘብ ነው። ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር በ2008 መጸው ስለ ውህደት ተነጋግረው ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ቅድሚያ ለጥሬ ገንዘብ እጥረቱ ልስጥ ብሎ ንግግሩን ተወው። በ2009 ሁለቱም የኪሳራ ጥበቃ (ከባለዕዳዎች የሚከልል የፍርድ ቤት ከለላ) ጠየቁ። ከዚያ በፊት የአሜሪካዎቹ መኪና አምራቾች ስቱድቤከርና ፓካርድ ሁለቱም ተዳክመው ሳለ በ1954 ተዋሃዱ፤ ፓካርድ በ1958 ጠፋ፣ ስቱድቤከርም በ1966 መኪና ማምረት አቆመ።

“ከተዋሃዱ ወጪው ወዲያው ይቀንሳል”

ብዙ ሰው፣ አንዳንዴ ሚኒስትሮችም ጭምር፣ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቁጠባው በቅደም ተከተል ይመጣል። መጀመሪያ የሚገኘው ከግዢ ነው፦ ብረት፣ ጎማ፣ መስታወትና ባትሪ በብዛት ሲገዛ ዋጋ ይወርዳል። ቀጥሎ ሞተርና ካምቢዮ መጋራት ይመጣል። ይህ ግን ሞተሩን አውጥቶ ከሌላ መኪና ላይ እንደ መግጠም አይደለም፤ የሞተሩ መቀመጫ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ማቀዝቀዣውና የጭስ ፍተሻው እንደ አዲስ ይሠራል። ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ሁለቱ ብራንዶች ከሥር አንድ ዓይነት መኪና ሲሆኑ ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ሞዴል እስኪወጣ መጠበቅን ይጠይቃል፤ የቆርቆሮ መቅረጫ ሻጋታው አንዴ ተሠርቶ ገንዘቡ ወጥቶበታልና ማንም ከጊዜው በፊት አይጥለውም። በመሆኑም ዋናው ጥቅም ከፊርማው በኋላ ዓመታት ይፈጃል።

አለቆቹ ካልተስማሙ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። የእንግሊዙ መኪና አምራች ብሪቲሽ ሌይላንድ በ1968 ሲመሠረት ሮቨርና ትራያምፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። ሮቨር እጁ ላይ ጥሩ ባለ 3.5 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ነበረው፤ በኋላ ላንድ ሮቨርም ላይ የገባው ነው። ትራያምፍ ግን ለስታግ መኪናው የራሱን ባለ 3 ሊትር ቪ8 ይዞ በ1970 ወጣ። የሞተሩ የውሃ ፖምፓ ከላይ ስለተቀመጠ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ማዞር ያቅተዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ የአሉሚኒየም ቴስታታው ይጣመማል። በአንድ ኩባንያ ውስጥ ሁለት ቪ8፣ ሁለት ሻጋታ፣ ሁለት የመለዋወጫ መጋዘን ማለት ነው። በ1975 ኩባንያው መንግሥት እጅ ወደቀ።

“እኩል ለእኩል ይዋሃዳሉ”

በ1998 የመርሴዲስ አምራቹ ዳይምለርና ክራይስለር እንዲህ ብለው ነበር። በ2007 ዳይምለር ከክራይስለር ላይ 80.1 ከመቶውን ሸጠ። ሆንዳና ኒሳንም በታኅሣሥ 2024 ንግግር ጀምረው ሆንዳ “ኒሳን በሥሬ ይግባ” ሲል በየካቲት 2025 ተለያዩ። የትኛው ፋብሪካ እንደሚዘጋ የሚወስን አንድ ወገን ከሌለ የሚዘጋ ፋብሪካ አይኖርም።

“እንግዲያው በቀውስ ጊዜ መዋሃድ ሁልጊዜ ከንቱ ነው”

ይህም ስህተት ነው። በ1932፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ መሀል፣ ኦዲ፣ ዲካቬ፣ ሆርሽና ቫንደረር ተዋህደው አውቶ ዩኒየን ሆኑ፤ የኦዲ አራት ቀለበቶች የመጡት ከዚያ ነው። ከጀርባቸው የሳክሶኒ የመንግሥት ባንክ ገንዘብ ነበረ፤ ገበያውንም ከትንሿ መኪና እስከ ቅንጦቱ ተከፋፍለው ስለያዙት እርስ በርስ አልተሻሙም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ኢቬኮ ነው። በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ሲመላለስ የኖረውን የጭነት መኪና፣ ኤን ትሬን፣ የሠራው ፊያት፣ ከነዳጅ ቀውሱ በኋላ በ1975 የከባድ መኪና ክፍሉን ከኦኤም፣ ከላንቺያ የጭነት ክፍል፣ ከዩኒክና ከማጊሩስ ጋር አዋህዶ ኢቬኮን ፈጠረ። ፊያት 80 ከመቶውን ስለያዘ ወሳኙ ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር። ሃዩንዳይም በእስያ የገንዘብ ቀውስ የከሰረውን ኪያን በ1998 ሲወስድ መሪው እሱ ነበር።

ሬኖ በ1999 ኒሳንን ያዳነው ሳይዋሃደው ነው። 36.8 ከመቶ ድርሻ ገዝቶ ጥሬ ገንዘብ አስገባ። ከዚያ የተነደፈው ዕቅድ አምስት ፋብሪካ መዝጋትን፣ 21,000 የሥራ ቦታ መቀነስንና የግዢ ወጪን በሦስት ዓመት በ20 ከመቶ ማውረድን የያዘ ነበር። ለሠራተኛው ከባድ ዕዳ ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ “ውህደቱ ተሳካ” ማለት ተገቢ አይደለም።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ አንዱ ገንዘብ ያለው ካልሆነና የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ ካልታወቀ አይዋሃዱ። ሞተርና ሞዴል መጋራት ይበቃቸዋል። ቶዮታና ሱዙኪ ይህን ነው የሚያደርጉት፤ አፍሪካ ውስጥ ስታርሌት ተብሎ በቶዮታ ስም የሚሸጠው የሱዙኪ ባሌኖ ነው።

“ኩባንያው ከተሸጠ መለዋወጫ ይጠፋል፤ መኪናውን ቶሎ ሽጡ”

አትቸኩሉ። ኒሳን ዲዝል በ2007 ወደ ቮልቮ፣ በ2021 ደግሞ ዩዲ ተብሎ ወደ አይሱዙ ዞሯል፤ ዩዲዎቹ ግን ዛሬም ይጭናሉ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀየረው ካርቶኑና የዕቃው ቁጥር ነው። ስለዚህ በብራንድ ስም አትግዙ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይዛችሁ ተተኪውን ቁጥር ጠይቁ። የፍሪሲዮን ሸራ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የውጭ ስፋቱን ለኩ፣ የመሀሉን ጥርስ ቁጠሩ። መደበኛ ኩሽኔታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ባለቤት አይለውጠውም፦ 6205 ከሆነ የማንም ይሁን የማን ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ የሚጠፋው የዚያ ሞዴል ብቻ የሆነው ነው፦ መብራት፣ የበር መስታወት፣ ኮፈን፣ የሞተር ኮምፒውተር። ሞዴሉ መመረት ማቆሙ ከተረጋገጠ አስቀድማችሁ የምትገዙት እነዚህን ነው።