የኢትዮጵያ ሳንቲም ሰብሳቢዎች፦ ማን ምን ይሰበስባል?

ሳንቲም ሰብሳቢ ሲባል ብዙ ሰው ሚመጣለት አንድ ዓይነት ሰው ነው፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ዝርዝር አልጋ ስር ያስቀመጠ ሽማግሌ ምናምን። እውነቱ ግን የአገራችንን ገንዘብ ሚሰበስቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንኳን ብዙም አይገናኙም፣ የአክሱም ሰብሳቢና የደርግ ሳንቲም ሰብሳቢ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ሚያወሩት ያጣሉ። ይሄን ያጠናቀርኩት በአማርኛ አንድ ላይ የተቀመጠ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ነው፣ ያዘነበልኩት ደግሞ በማውቀው በኩል ስለሆነ አንዳንዱ ዘመን ሲረዝም አንዳንዱ በአንድ መስመር ቢያልፍ አይገርማችሁ። እኔ ሰብሳቢን ምለይበት መንገድ ቀላል ነው፣ ሳንቲሙን እጁ ላይ አስቀምጬ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ አያለሁ።

የአክሱም ሰብሳቢ መጀመሪያ ሚያየው ከንጉሡ ራስ በላይ ያለውን ነው። እዛ ላይ ጨረቃና ክብ ካለ ከክርስትና በፊት ነው፣ መስቀል ካለ ከኢዛና ወዲህ ነው ማለት ነው፣ መስቀልን ገንዘባቸው ላይ ካተሙ የዓለም መንግሥታት ደግሞ የኛው ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አክሱም ሳንቲም መምታት የጀመረው በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በንጉሥ እንዱቢስ ሲሆን እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሲመታ ቆይቷል። ወርቁ ለውጭ ንግድ ስለነበር ጽሑፉ ግሪክ ነው፣ ግዕዝ መጀመሪያ የታየው በንጉሥ ወዜባ ሳንቲም ላይ ነው፣ ኋላ ላይ ደግሞ ብሩና መዳቡ እየቆየ ወደ ግዕዝ ገባ። ንጉሡን ግራና ቀኝ ሚያቅፉት ሁለት የእህል ዛላዎች ናቸው፣ ስንዴ ነው ገብስ ነው ሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም፣ እኔ ግን ገበሬ አያቴ ቢያዩት ገብስ ነው ይሉ ነበር ብዬ አስባለሁ። አንዳንዶቹ ብርና መዳብ ሳንቲሞች መስቀሉ ወይም የንጉሡ ራስ ዙሪያ ላይ ስስ ወርቅ ተለብጦባቸዋል፣ እንዲህ ያለ ስራ በዛ ዘመን ሌላ አገር ገንዘብ ላይ አልተለመደም። ብዙው ወርቅ ደግሞ ከአገር ውጪ ነው ሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ አል ማዳሪባ ከተባለ ቦታ በአንድ ማሰሮ ከሮም ወርቆች ጋር 326 የአክሱም ወርቅ ወጥቷል።

የአክሱም ሰብሳቢ መሆን ግን አገር ቤት ላለ ሰው አስቸጋሪ ነው፣ ምክንያቱም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከመሬት የወጣ ነገር ቅርስ ነው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም አይቻልም። ስለዚህ ጨዋው የአክሱም ወዳጅ ሙዚየም ሄዶ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያነባል። ሐውልቶቹ አጠገብ ልጆች መዳፋቸው ላይ ይዘው «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» ሚሏችሁ አብዛኛው በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ነው፣ ጠርዙን በጥፍራችሁ ብትዳስሱት የመጋጠሚያው መስመር ይሰማችኋል።

ሁለተኛው ወገን የጠገራ ሰው ነው፣ እሱ ማጉያ መነጽር ሳይዝ አይንቀሳቀስም። ጠገራ ወይም ማርትሬዛ ሚባለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ብር 28 ግራም ገደማ ሚመዝን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹህ ብር የሆነ ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት ደግሞ እ.ኤ.አ. 1780 ነው፣ ንግሥቲቱ የሞቱበት። ኦስትሪያ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1858 ሕጋዊ ገንዘብነቱን ስታቆም እኛ ጋ ገና ጉልበት ላይ ነበር፣ አሞሌ ጨው በጎን እየተመነዘረበት፣ በቅሎ ተጭኖ፣ ጉድጓድ ተቀብሮ፣ ለጥሎሽ ተቆጥሮ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ እንኳ የራሳቸው ገንዘብ እንደማይሰራ ስላወቁ ቪየና ላይ ማርትሬዛ በብዛት አስመትተው ነው ተሸክመው የመጡት። ገበያተኛው ግን እንዲሁ አይቀበልም፣ የትከሻዋ ጌጥ ላይ 9ኙ ዕንቁዎች ካልተቆጠሩ፣ ዘውዷ ላይ ያለው ዕንቁ ካልጎላ፣ ከደረቷ በታች ያሉት ሁለት ፊደሎች ከሌሉ ይመልስላችኋል። ፊደሎቹ «ኤስ» እና «ኤፍ» ናቸው፣ የጉንዝበርግ ማተሚያ ቤት ሁለት ኃላፊዎች የስማቸው መጀመሪያ ነው፣ የኛ ነጋዴ ስማቸውን ባያውቅም ፊደላቸውን ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አሁን ሰብሳቢው ሚያደርገው ያንኑ የገበያተኛ ምርመራ ነው፣ ልዩነቱ ነጋዴው ትክክለኛውን ፍለጋ ሲሆን ሰብሳቢው ልዩነቱን ፍለጋ መሆኑ ብቻ ነው። ምክንያቱም ያው 1780 ሚለው ብር ቪየና ብቻ ሳይሆን ብዙ ቦታ ተመትቷል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራው ሲዘጋጅ የማተሚያ መብቱን ከኦስትሪያ ለ25 ዓመት ወሰደና ሮም ላይ መምታት ጀመረ፣ እንግሊዞችም ዝም አላሉም ለንደን ላይ መቱ፣ ፓሪስም ብራስልስም ገቡበት፣ በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ። ስለዚህ ከጀርባው ያለውን የንስሩን ጅራት ላባ ሚቆጥር፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችውን የተጋደመች መስቀል ቅርጽ ሚለካ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን የላቲን ጽሑፍ በጣቱ እያዞረ ሚያነብ ሰው ካያችሁ በቃ የጠገራ ሰው ነው። ሮም የተመታውን ለይቶ ማስቀመጥ ለአንዳንዱ የታሪክ ቁጭት ነገር ነው፣ «ይሄ ባንዳ መግዣ ነው» ብሎ ለብቻው ሚያስቀምጥ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ሰፊ ጠብ አለ፣ ጆሮ የተበየደለት ጠገራ ጉዳይ። እናቶቻችን ማርትሬዛን አንገታቸው ላይ ሊያስሩት አንጥረኛ ጋ ወስደው ማንጠልጠያ ጆሮ ያስበይዱለታል። የውጭ አገር ሰብሳቢ ይሄን ተበላሸ ብሎ በብሩ ክብደት ዋጋ ብቻ ነው ሚገዛው። እኛ ጋ ግን ጆሮ ያለውን ብቻ ሚሰበስቡ አሉ፣ ለነሱ ብየዳው ራሱ ሰነድ ነው፣ የቱ ልቅም ያለ አንጥረኛ ስራ እንደሆነ፣ ስንት ዓመት አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ከጆሮው መበላት ያነባሉ። እኔ በዚህ ጠብ ከነዚህኛዎቹ ጋር ነኝ።

ኤርትራ ላይ ጣልያኖች ማርትሬዛን ለማስወጣት በንጉሣቸው ኡምቤርቶ መልክ ታለሮ ሚባል ብር አሳትመው ነበር፣ እ.ኤ.አ. የ1891 እና የ1896 ቀን ያለበት፣ ሕዝቡ ግን እምቢ አለ። ለሰብሳቢ ግን ቆንጆ ነው፣ ውድም ነው።

አሁን ወደኔ ሰፈር መጣን። የምኒልክ ብር ሰብሳቢ መጀመሪያ ሚያየው የአንበሳውን እግር ነው። አንበሳው ባንዲራ ያለበት መስቀል ይዞ ሲሄድ ግራ የፊት እግሩን ያነሳበትም ቀኙን ያነሳበትም አለ፣ እሱ ብቻ ዋጋውን ይቀይራል። ብሩ መጀመሪያ የተመታው ፓሪስ ሲሆን ቀኑ ፲፰፻፹፯ ነው፣ ማለትም 1887 ዓ.ም.፣ ከአድዋ አንድ ዓመት በፊት መሆኑ ነው፣ ያኔ ነው ነፃ አፍሪካዊ ንጉሥ በራሱ ፊደል፣ በራሱ ዘመን አቆጣጠር «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ብሎ ገንዘብ ያስመታው። ቅርጹን ያወጣው ላግራንዥ ሚባል ፈረንሳዊ ነው። ከብሩ በታች አላድ አለ፣ ግማሽ ማለት ነው፣ ሩብ አለ፣ ግርሽ አለ። መጀመሪያ 20 ግርሽ አንድ ብር ነበር፣ ኋላ ወደ 16 ወረደ። ከ1887 ሌላ የ1889፣ የ1892 እና የ1895 ቀን ያለባቸው ብሮች አሉ፣ አራቱንም አንድ ላይ በጥሩ ይዞታ ያለው ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሕዝቡ አዲሱን ብር ቶሎ አልተቀበለም ነበር፣ ይሄ የታወቀ ነው፣ ምክንያቱን በተመለከተ ግን አንዳንዱ ማርትሬዛን ስለለመዱ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ሽርፍራፊው ስላልተመቸ ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው ገንዘቡ ላይ ሴት ማየት ለምዶ ነበር፣ ግን ይሄ የኔ ግምት ነው።

ቀኑን ማንበብ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። የውጭ ሻጮች በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን ስለማያነቡ ሳንቲሙን ገልብጠው ፎቶ ያነሱታል፣ የ፲፱፻፴፮ ሳንቲምን እንደነሱ 1936 አድርገው «የጣልያን ዘመን ብርቅ» ብለው ሚሸጡም አጋጥመውኛል። ዋሽንግተን ያሉ ልጆቻችን ከዚህ ስህተት ብዙ ተጠቅመዋል፣ በቃ አምስት ደቂቃ ግዕዝ ቁጥር ያጠና ሰው ኢቤይ ላይ ንጉሥ ነው።

ሐረር የራሷ ገንዘብ ነበራት፣ መሐለቅ ሚባል፣ በአሚሮቹ ስም በዓረብኛ የተጻፈ ትንሽ ሳንቲም፣ እስከ 1879 ዓ.ም. ድረስ። ሰብሳቢዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ብዙዎቹም ሐረሬዎች ናቸው።

ማቶና ሚሰበስቡት ደግሞ ሌላ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ከኃይለ ሥላሴ ንግሥ በኋላ የወጡት ሳንቲሞች ናቸው፣ 1 እና 5 ማቶና መዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 ማቶና ኒኬል። ዕድሜያቸው አጭር ሆነ፣ ጣልያን ገባ። የጣልያን ዘመን ሊሬ ሰብሳቢ እኔ ብዙም አላውቅም።

ከነፃነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር ሲታወጅ ሳንቲሞቹ የያዙት ቀን 1936 ነው፣ እና ያው ቀን ሳይቀየር እስከ ንጉሡ መውረድ ድረስ ተመቷል፣ ስለዚህ የዘመኑ ሰብሳቢ ቀን ሳይሆን ቅርጽ ነው ሚለየው። በጣም ሚወደው ታሪክ የ25 ሳንቲም ነው። የመጀመሪያው ስሙኒ ክብ መዳብ ነበር፣ መጠኑ ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም፣ ከሽልንጉ ጋር ስለተቀራረበ ሰው ብር እያስነከረ እንደ ሽልንግ ማሳለፍ ጀመረ፣ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1952 አንስቶት ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመውን ስሙኒ አወጣ። ዛሬ አበባ ቅርጹ በየቤቱ አለ፣ ክቡ ግን ብርቅ ነው፣ ብር የተነከረበት ክብ ስሙኒ ካገኛችሁ ደግሞ አንድ የጥንት አጭበርባሪ ስራ ይዛችኋል ማለት ነው።

የደርግ ሳንቲም ሰብሳቢ ሳንቲሙን ገልብጦ አንበሳውን ነው ሚያየው፣ በተለይ ጢሙን። የ፲፱፻፷፱ (1969) ሳንቲሞች የተለያየ አገር ስለተመቱ የአንበሳው አገጭ ላይ ያለው ፀጉር ይለያያል፣ በዓይን ሚታይ ሳይሆን በማጉያ ነው። ከጀርባ 1 ሳንቲም በበሬ ሚያርስ ገበሬ አለው፣ አሉሚኒየም ስለሆነ እፍ ቢሉት ሚሄድ፣ 10 ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን፣ 25ቱ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት፣ 50ው ላይ የተሰበሰበ ሕዝብ። ይሄ ዘርፍ ይናቃል፣ «ድንቡሎ ሰብሳቢ» ይሏቸዋል፣ እኔ ግን በጥንቃቄያቸው ከሁሉም በላይ እንደሆኑ አይቻለሁ።

መታሰቢያ ሳንቲም ሚሰበስብ ሰው ገንዘብ ያለው ነው፣ በቃ። የ1964ቱ ተከታታይ ከቴዎድሮስ ጀምሮ ዮሐንስን፣ ምኒልክን፣ ዘውዲቱንና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ይዟል፣ የ1970ዎቹ የዱር እንስሳት ሳንቲሞች ደግሞ ዋልያው በወርቅ አላቸው። ገበያ ውስጥ ገብተው አያውቁም፣ ሳጥናቸው ውስጥ ተወልደው ሳጥናቸው ውስጥ ያረጃሉ። የወረቀት ብር ሰብሳቢ ደግሞ ፊርማ ነው ሚያየው፣ የ1937ቱ ብር ላይ መጀመሪያ የፈረመው አሜሪካዊ የባንክ ገዢ ብላወርስ ነው።

ሁሉም ወገን ሚስማማበት አንድ ነገር ብቻ አለ፣ ሳንቲም አይታጠብም። አክስቴ አንድ ጊዜ የአባቷን የምኒልክ አላድ አሳዪኝ ስላት «ቆሽሿል» ብላ ሎሚና አመድ ይዛ አብለጨለጨችው፣ ጠቆር ያለው የመቶ ዓመት ቀለም በአምስት ደቂቃ ሄደ፣ የምኒልክ ጢምና የአንበሳው ጎፈር ተፍቆ እንደ ሳሙና ለስልሷል። እሷ ደስ ብሏት «አየህ እንዴት አማረ» ስትል ምንም አላልኳትም። አላዱን አሁንም አለኝ፣ ሚሸጥ ነገር አይደለም፣ ሰብሳቢ ጓደኞቼ ሲመጡ ግን ከሌሎቹ ለይቼ ነው ማስቀምጠው።