የመሣሪያ ፋይል በራሱ ሲፈጠር የሚገኘውና የሚጠፋው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ዲጂታል ሚዛን በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ የሊኑክስ ኮምፒውተር ጋር ያገናኘ መጋዘን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የአንዱ ሚዛን ክብደት በሌላው ስም ሊመዘገብበት ይችላል። ሚዛኖቹ ደህና ናቸው። ከርነሉ፣ ማለትም መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ዋና ክፍል፣ ለገመዶቹ ቁጥር የሚሰጠው ባገኛቸው ቅደም ተከተል ስለሆነ ትናንት 0 የነበረው ዛሬ 1 ይሆናል።

ድሮ የመሣሪያ ፋይሎች (ፕሮግራሞች ከመሣሪያ ጋር የሚነጋገሩባቸው ፋይሎች)፣ መሣሪያው ኖረም አልኖረም፣ አስቀድመው በብዛት ይፈጠሩ ነበር። በሊኑክስ 2.4 የተሠራበት ዴቭኤፍኤስ የተባለ የከርነሉ ክፍል ላለው መሣሪያ ብቻ ፋይል ፈጠረ። ስያሜውን ግን ከርነሉ ውስጥ አስገባው፤ የተቀየረ ፈቃድም ያለ ረዳት ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር። ዴቭኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ2006 ከከርነሉ ወጣ። አሁን ሥራው ተከፍሏል፦ ከርነሉ ውስጥ ያለው ዴቭቲኤምፒኤፍኤስ ፋይሉን ወዲያው ይፈጥራል፣ ከከርነሉ ውጭ ያለው ዩዴቭ የተባለ ፕሮግራም ተከትሎ ፈቃድና ተጨማሪ ስም ይሰጣል። ክፍፍሉ ትክክለኛ ነው፤ ዋጋው ግን በሁለቱ መካከል ያለችው አጭር ክፍተት ናት። ዩዴቭ ሳይጨርስ የተነሳ ፕሮግራም ፋይሉን አግኝቶ ፈቃድ ይከለከላል።

ለሚዛኖቹ መፍትሔው የአምራቹን መለያ፣ የምርቱን መለያና ተከታታይ ቁጥሩን የሚያነብ የዩዴቭ ደንብ ጽፎ ለእያንዳንዱ ቋሚ ስም መስጠት ነው። ደንቡን እንደገና አስነብበው ገመዱን ነቅለው ይሰኩ። ሲኤች340 የተባለ የዩኤስቢ መቀየሪያ ቺፕ ያላቸው ርካሽ ገመዶች ግን ብዙ ጊዜ ተከታታይ ቁጥር የላቸውም፤ ደንቡ ሁለቱን መለየት አይችልም። ያኔ በተሰኩበት ወደብ ይለዩአቸው፤ ወደቦቹም ላይ ምልክት ይለጥፉ፤ ጽዳት ሲደረግ ገመዶቹ ቦታ ከተለዋወጡ ስሙ የሚከተለው ወደቡን ነውና።