የግርጌ መንሸራተት ምንድን ነው? የበጋ ውሃና የበረዶ ግግር ጉዞ

የበረዶ ግግር ይሄዳል። በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈቀቅ የሚል አለ። በግሪንላንድ ያለው ያኮብስሃቭን የተባለው ግግር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በጋ በቀን ከ40 ሜትር በላይ ሲሄድ ተለክቷል።

ጉዞው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ በረዶው የገዛ ክብደቱ ሲጫነው ቅርጹን ቀስ በቀስ እየለወጠ ወደ ቁልቁለቱ የሚፈስበት ነው። ይህኛው ወቅት ሲቀያየር ብዙም አይለዋወጥም። ሁለተኛው ግግሩ እንዳለ፣ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ወይም ደለል ላይ ተንሸራቶ የሚሄድበት ነው። የግርጌ መንሸራተት የሚባለው ይህ ነው። ግርጌው ከድንጋዩ ጋር ደርቆ ከተጣበቀ መንሸራተት የለም ማለት ይቻላል። መንሸራተት እንዲኖር እዚያ ታች ውሃ ያስፈልጋል።

ውሃው ከየት ይመጣል? ጥቂቱ እዚያው ከሥር የሚገኝ ነው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ሙቀትና መፋተጉ ዓመቱን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያቀልጣሉ። ብዙው ግን ከላይ ነው የሚመጣው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ሞቃት ወራት (እዚህ በጋ የምለው እነዚህን ነው) የግግሩ ገጽ ይቀልጣል። ጅረቶች ይፈጠራሉ፣ ጎድጎድ ባለው ቦታ ሁሉ ሰማያዊ ሐይቅ ይተኛል። ከዚያ ውሃው ስንጥቅ ፈልጎ ይገባል። ውሃ ከበረዶ ይከብዳል። ስለዚህ በውሃ የተሞላ ስንጥቅ በገዛ ግፊቱ እየተሰነጠቀ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውሃ እስካልተቋረጠበት ድረስ አይቆምም። በመጨረሻ ከገጽ እስከ ግርጌ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ይከፈታል።

ይህ ምን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል በምዕራብ ግሪንላንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 በበረዶው ላይ የነበረ አንድ ትልቅ ሐይቅ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደ ታች ገብቶ አለቀ። በዚያች አጭር ጊዜ የወረደው ውሃ ፍሰቱ ከናያጋራ ፏፏቴ ይበልጥ ነበር። በረዶው እዚያ ቦታ ላይ ወደ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው። ያን ሁሉ ውፍረት ይዞ ከ1 ሜትር በላይ ወደ ላይ ተነሳ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ከሥር የገባው ውሃ በረዶውን ያለሰልሰዋል፣ ያንሸራትተዋል ሲባል ትሰማላችሁ። አባባሉ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ዋናው ነገር ግፊት ነው። ታች የተጠራቀመው ውሃ መውጫ ሲያጣ በረዶውን እንደ መኪና ክሪክ ወደ ላይ ይገፋዋል። ክብደቱን ውሃው በተሸከመለት መጠን በረዶው ድንጋዩን የሚጫነው ያነሰ ይሆናል፣ ፍትጊያውም ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ለማንሳት በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከበረዶው ውፍረት 90 በመቶ ገደማ ላይ መድረስ አለበት። መንሸራተቱ የሚፈጥነው ግን ገና ወደዚያ ሲጠጋ ነው። አልሙት ኢከንና ሮበርት ቢንድሻድለር የተባሉ ተመራማሪዎች በስዊዘርላንድ ፊንደለን ግግር ላይ ጉድጓድ ቆፍረው የውሃውን ከፍታና የበረዶውን ፍጥነት ጎን ለጎን ለኩ። ውሃው ከፍ ሲል ግግሩ ይፈጥናል፣ ዝቅ ሲል ይዘገያል። ውጤቱን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

ይህ በተራራ ግግሮች ላይ ይታወቅ ነበር። በግሪንላንዱ ወፍራም በረዶም ይሠራል ወይ የሚለው ግን ቆይቶ ነው የተመለሰው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪው ጄይ ዝዋሊና ባልደረቦቹ በጂፒኤስ የለኩትን አወጡ። ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው በረዶ በቀዝቃዛው ወራት በቀን 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በበጋ ግን እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ዜናው ብዙ ሰው አስደነገጠ። ዓለም ሲሞቅ ብዙ ይቀልጣል፣ ብዙ ሲቀልጥ በረዶው ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ወደ ሞቃቱ ቆላ ወርዶ ይበልጥ ይቀልጣል። ማቆሚያ የሌለው አዙሪት መሰለ።

ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ምክንያቱ ታች ያለው የውሃ መንገድ ነው።

በጋው ሲጀምር ከበረዶው ሥር ያሉት መተላለፊያዎች ጠባብና የተበታተኑ ናቸው። ድንገት የገባውን ውሃ ማሳለፍ አይችሉም። ውሃው ይታጎራል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ በረዶው ይፈጥናል። ግን ውሃው ሲፈስ ሙቀት ይፈጥራል፤ በዙሪያው ያለውን በረዶ እያቀለጠ መንገዱን ያሰፋል። ሳምንታት ሲያልፉ ትላልቅ ቦዮች ይከፈታሉ። እነዚህ ቦዮች ውሃውን ሰብስበው ቶሎ ያስወጡታል። አካባቢው ላይ የነበረውም ውሃ ወደ እነሱ ይሳባል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ በነሐሴ አናት ላይ ብዙ ውሃ እየገባ ግግሩ ከሰኔው ይልቅ ሲያዘግም ይገኛል። ቅዝቃዜው ሲመጣ ውሃው ይቋረጣል፣ በረዶውም በክብደቱ እየተጫነ ቦዮቹን መልሶ ይዘጋቸዋል። በሚቀጥለው በጋ ሁሉም እንደገና ይጀምራል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ፍጥነቱን የሚወስነው የገባው ውሃ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አገባቡ ነው። ቀስ ብሎ የሚጨምር ውሃ መንገዱን እያሰፋ ያልፋል። ድንገት የሚመጣ ውሃ ግን፣ ሐይቅ ሲሰበር ወይም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል እንደሚሆነው፣ ቦዩ ሳይሰፋ ስለሚደርስ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ስትበረታም እንዲሁ ነው፤ አንዳንድ ግግሮች በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ፈጥነው መልሰው ይዘገያሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህንኑ በረጅም ጊዜ አሳይቷል። በደቡብ ምዕራብ ግሪንላንድ፣ ጫፉ መሬት ላይ የሚያልቀው የበረዶ ክፍል ከ2007 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የሄደው ከ1985 እስከ 1994 ከነበረው በ12 በመቶ ገደማ ዘግይቶ ነው። በመካከሉ ቅልጠቱ ግን በብዙ ጨምሯል። የሰፉት ቦዮች ከበጋው በኋላም የግርጌውን ውሃ ስለሚያሟጥጡ፣ በቀዝቃዛው ወራት በረዶው ከድሮው ይልቅ ይጎተታል።

ይህን ሰምቶ ሥጋት የለም ማለት ስህተት ነው። ጫፋቸው ባሕር ውስጥ የሚገባ ግግሮች ሌላ ሕግ አላቸው፤ እነ ያኮብስሃቭንን ያፈጠናቸው በዋናነት የሞቀ የባሕር ውሃና የፊታቸው እየተሰበረ መውደቅ ነው። መሬት ላይ በሚያልቁትም ቢሆን ቦዮቹ የሚሠሩት ጠርዙ አካባቢ ነው። ወደ መሐል ሲገባ በረዶው ይወፍራል፣ ቁልቁለቱም ይቀንሳል። ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚፈስ ብዙ አያቀልጥም፣ የተከፈተውንም ቦይ የበረዶው ክብደት ቶሎ ይዘጋዋል። እዚያ የሚገባ ውሃ መውጫ ሳያገኝ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። የበጋ ሐይቆች ደግሞ ዓለም በሞቀ ቁጥር ከፍ ወዳለው ወደዚያ መሐል እየዘለቁ ነው።